ቃየን የደበቀውን ላሜሕ ፎከረበት

የዛሬው ትምህርታችን መነሻ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ነው። ይህን ምዕራፍ አብዛኞቻችን የምናውቀው በቃየንና በአቤል ነው። ቃየን ወንድሙን ወደ ሜዳ ወስዶ ገደለ፤ እግዚአብሔር ጠየቀው፤ ተረገመ፤ ማንም አግኝቶ እንዳይገድለው ምልክት ተደረገለት። እዚህ ላይ መጽሐፉን እንዘጋለን። ምዕራፉ ግን ይቀጥላል። ከአዳም ሰባተኛው ትውልድ ላይ ላሜሕ የሚባል ሰው እናገኛለን። ዓዳና ሴላ የሚባሉ ሁለት ሚስቶች አሉት። ልጆቹም ባለሙያዎች ናቸው፤ አንዱ የከብት አርቢዎች አባት፣ አንዱ የበገና ደርዳሪዎች አባት፣ ቱባልቃይን የተባለው ደግሞ ናስና ብረት ቀጥቃጭ ነው። የብረት ሥራው ከተነገረ በኋላ ላሜሕ ሚስቶቹን ጠርቶ አድምጡኝ ይላቸዋል። ሰው ቢያቆስለው፣ ብላቴና ቢመታው እንደ ገደለ ይነግራቸዋል። የቃየን በቀል ሰባት እጥፍ ከሆነ የእሱ ሰባ ሰባት እጥፍ እንደሚሆንም ይጨምርላቸዋል።

ሊቃውንት ስለ ላሜሕ የሚተርኩት ሌላም አለ፤ ዓይነ ስውር ነበር፣ ቃየንንም ሳያይ ገደለው የሚል። ያ ትርጓሜ የራሱ ትምህርት ስላለው ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ ንባቡን ብቻ ይዘን እንሂድ።

ሁለቱን ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ቃየን የገደለው ሰው በሌለበት ሜዳ ነው። ወንድሙ የት እንዳለ ሲጠየቅም አላውቅም ብሎ ዋሸ። ውሸቱ ሌላ ኃጢአት ነው፤ ነገር ግን የዋሸው ያደረገው ነገር የሚያሳፍር መሆኑን ስላወቀ ነው። ላሜሕን ግን ማንም አልጠየቀውም። ራሱ ቤተሰቡን ሰብስቦ ተናገረ። ቃየን እንዳይገደል ፈራ፤ ላሜሕ ለእሱ ስንት ሰው እንደሚከፈልለት ቆጠረ። ከቃየን እስከ ላሜሕ ባሉት ትውልዶች መካከል የጠፋው እፍረት ነው። ቀስ ብሎ ስለ ጠፋ በየትኛው ትውልድ እንደ ጠፋ መጽሐፍ አይነግረንም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። መጽሐፍ የዓዳንና የሴላን መልስ አልጻፈም። እልል ይበሉ፣ ያልቅሱ፣ ዝም ይበሉ አናውቅም። ፉከራ ግን ያለ ሰሚ አይቆምም። ስለዚህ የዛሬው ትምህርት በዋናነት ለገዳዮች አይደለም፤ ለሰሚዎች ነው። መግደል አንድ ኃጢአት ነው። ግድያን እንደ ተራ ወሬ መስማት ሌላ ኃጢአት ነው፤ ይህኛውን የምንሠራው እጃችንን በደም ያልነከርን ሰዎች ነን።

ሕዝብ ግፍን ይለምዳል ወይ የሚለው ጥያቄ በሌላው ዓለምም ይነሣል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ውስጥ ታጣቂ ቢገባ በር ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ድምፅ ሳያሰሙ መደበቅን እንደሚለማመዱ ይነግሩናል። በፈረንጆች 2012 ኒውታውን በምትባል ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። በ10ኛው ዓመት ዩቫልዲ ላይ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። በ2021 ብቻ በዚያ አገር ከ48,000 በላይ ሰው በጥይት ሞቷል፤ ከግማሽ የሚበልጠው የራሱን ሕይወት ያጠፋ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ የነበረው የግድያ መጠን ከቅርብ ዓመታቱ ይበልጥ ነበር። እንግዲህ የሟች ቁጥርና የሰው ልብ አንድ አይደሉም። ግድያ ቀንሶ ድንዛዜ ሊጨምር ይችላል። የዛሬውን ጥያቄ በቁጥር ብቻ የሚመልስ ሰው ግማሹን ነው የመለሰው።

በአገራችንም የሚያስገርም ምስክር አለ። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ሴቶች 85 በመቶው ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ብለዋል። ምክንያቶቹ ወጥ ማሳረር፣ ሳይነግሩ ከቤት መውጣት፣ መከራከር የመሳሰሉት ናቸው። በ2008 ዓ.ም. ይኸው ጥያቄ ሲቀርብ ቁጥሩ ወደ 63 በመቶ ወርዶ ነበር። በዚያው ዓመት እንዲህ ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ናቸው። ሁለት ነገር እንማርበታለን። አንደኛው፣ ልማድ በመቺው ብቻ ሳይሆን በተመቺውም ሰው ልብ ውስጥ ይቀመጣል፤ ዱላው ያረፈባት ሴት ራሷ ይገባኛል ትላለች። ሁለተኛው፣ ይህ ልማድ ይፈርሳል። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ቀንሶ አይተነዋል። ሰው ግፍን ከለመደ አይመለስም የሚል ተስፋ መቁረጥ ስለዚህ ትክክል አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ።

ጥር 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የቅዱስ ሚካኤል በዓለ ንግሥ ነበር። ታቦቱን አጅቦ በወጣው ሕዝብ ላይ የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱ፤ ቢያንስ 7 ሰዎች ሞቱ። ወልድያ በዚያን ቀን ደነገጠች። አገሩ ሁሉ አብሯት ደነገጠ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ቢሮም ድምፁን አሰማ። ድንጋጤው ትክክል ነበር። በነጭ ልብስ ለዝማሬ የወጣ ሰው በጥይት ሲወድቅ ያልደነገጠ ሰው መቼ ሊደነግጥ ነው? በቀጣዮቹ ቀናት ግን ቁጣው ወደ ቆቦና ወደ መርሳ ተሻገረ። ተጨማሪ ሰዎች ሞቱ። የትግራይ ተወላጆች ናቸው የተባሉ ጎረቤቶች ቤትና ንብረት ተቃጠለ። እነዚህ ሰዎች ታቦት ላይ አልተኮሱም። ለዓመታት ሱቅ ከፍተው፣ ልጅ አሳድገው፣ ለቅሶ ደርሰው የኖሩ ናቸው። የላሜሕ ሒሳብ ይህ ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው የገደለው ሳይሆን የተገኘው ይሆናል። ስለ ሰባቱ ያለቀሰች ከተማ ስለ ተቃጠለው ቤትም ማልቀስ ነበረባት። ይህን ስናገር የሚከፋው ምእመን እንዳለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መነገር አለበት።

ከዚያ ወዲህ የመጣውን ኖራችሁታል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ላይ የሕወሓት ኃይሎች ወልድያንና መርሳን ያዙ፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ቆዩ። በጳጉሜን 2013 ቆቦና አካባቢው ላይ ብዙ ሲቪሎች ተገደሉ። ነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ተነሣ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ ብለን ሳንተነፍስ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ በመንግሥት ጦርና በፋኖ መካከል ውጊያው ቀጠለ። በሐብሩ ወረዳ ጃራ መጠለያ ውስጥ ደግሞ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ ወገኖቻችን የራሳቸውን ሐዘን ይዘው ተቀምጠዋል።

በ2010 የነበረውን ድንጋጤ ከዛሬው ጋር አስተያዩት። መርሳ ላይ ከደሴ የመጣ መኪና ሲቆም ሰው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ መንገዱ እንዴት ነው ይላል። «ሰላም ነው፤ ከወዲያ ሁለት ሰው ወድቋል እንጂ ሰላም ነው» የሚል መልስ ይመጣል። ጠያቂው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ሻንጣውን ይጭናል። የሁለት እናቶች ቤት በዚያ ሰዓት ለቅሶ ላይ ነው። ወልድያ ውስጥ የሰባት ዓመት ልጅ ከደጅ ብይ ሲጫወት ተኩስ ይሰማል። ቀና አይልም። «ይሄ ብሬን ነው፣ ያኛው ዲሽቃ ነው» ብሎ ለጓደኛው ያስረዳና ብዩን ያነጣጥራል። ጓደኛው ቢሳሳት ያርመዋል።

ልጁን አልወቅስም፤ ተሳፋሪውንም አልወቅስም። ሰው በየቀኑ እንደ አዲስ ቢደነግጥ ይታመማል። የአራሽ እጅ ሞፈር ሲይዝ እንደሚሻክር የሰውም ልብ ይሻክራል፤ ካልሻከረ አይችለውም። እግዚአብሔርም ይህን ድካማችንን ያውቃል። ኃጢአት የሚሆነው ድንዛዜው ከአደጋው በኋላ ቤት ሠርቶ ሲቀመጥ፣ አልፎም ደስታ ሲሆን ነው። ይህ እንዴት እንደሚሆን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በአራተኛው መቶ ዓመት አሊጲዮስ የሚባል ወጣት ነበር። የአውግስጢኖስ ወዳጅ ነው፤ በኋላም የታጋስቴ ኤጲስ ቆጶስ ሆኗል። ታሪኩን አውግስጢኖስ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ጽፎታል። አሊጲዮስ ሕግ ሊማር ሮም ገባ። በሮም ሰውና ሰው በሰይፍ ሲገዳደሉ ሕዝብ እንደ በዓል ተሰብስቦ ያይ ነበር። አሊጲዮስ ይህን ከልቡ ይጸየፍ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቹ ከምሳ ሲመለሱ አገኙትና እየሳቁ ጎትተው ወሰዱት። ሰውነቱን ቢወስዱትም ልቡን እንደማይወስዱት ነግሯቸው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀመጠ። ጆሮውን ግን አልደፈነም። አንዱ ተዋጊ ሲወድቅ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ጮኸ። አሊጲዮስ ምን ሆነ ብሎ ዓይኑን ገለጠ፤ አይቼ እንቃለሁ ብሎ ነበር። ደሙን ሲያይ ግን ፊቱን መመለስ አቃተው። አየ፣ ጮኸ፣ ጋለ። ሲወጣ ሌላ ሰው ሆኖ ወጣ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀድሞ የሚሄደውና ሌሎችን የሚጎትተው እሱ ሆነ።

ዛሬ ሮም መሄድ አያስፈልግም። መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ሰው ይህን ያያል። አንድ ወጣት ስልኩን ያወጣል፤ በቴሌግራም የመጣ ተንቀሳቃሽ ምስል ነው። እጁ የታሰረ ሰው አለ፤ በዙሪያው የቆሙ አሉ። ምስሉ ከወዲህ ይሁን ከወዲያ ማንም አይጠይቅም። አራት አንገት በአንድ ስልክ ላይ ይሰግጋል። «እስኪ ወደ ኋላ መልሰው» ይላል አንዱ። ሻዩ ይመጣል፤ ስኳር ያማስላሉ። ወገኖቼ፣ ይህን ያየ ዓይን እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ሥጋውንና ደሙን ሊያይ ይመጣል። የሚገደለው የእኛ ሰው ከሆነ ቁጣ፣ የእነሱ ሰው ከሆነ እርካታ እየተማርን ነው። ሁለቱም ያው ትምህርት ቤት ነው። የአሊጲዮስ ጓደኞች ሆነን ያንን ምስል ለሌላው የምንልክ ደግሞ የባሰውን እንሠራለን።

እዚህ ላይ አንድ ሰው እጁን ያነሣል፤ «መምህር፣ ታዲያ ቤታችን ሲቃጠል እጃችንን አጣጥፈን እንይ?» ይላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ይህንንም የሚጠይቀው ልጁን ቀብሮ የመጣ አባት ሊሆን ስለሚችል በትዕግሥት እንመልስ።

ቤቱንና ልጁን የተከላከለን ሰው ቤተ ክርስቲያን ከወንበዴ ጋር አትቆጥረውም። ነገር ግን ደስ ይበልህም አትለውም። ታላቁ ባስልዮስ በ13ኛው ቀኖናው ይህን ነገር ተናግሮበታል። አባቶች በጦር ሜዳ የሆነውን ግድያ ከነፍስ ግድያ ጋር እንዳልቆጠሩት ካነሣ በኋላ፣ እጃቸው ንጹሕ ስላልሆነ ለ3 ዓመት ከቁርባን ቢታቀቡ መልካም ነው ሲል መክሯል። ሚዛኑን ተመልከቱ። ነፍሰ ገዳይ አላለውም፤ እንዳልገደለ ሰውም አላደረገው። ዳዊትንም አስቡት። ጎልያድን የጣለ፣ እግዚአብሔር እንደ ልቤ ያለው ንጉሥ ነው። ሆኖም ቤተ መቅደስ ልሥራ ሲል ብዙ ደም አፍስሰሃልና አንተ አትሠራውም፣ ልጅህ ይሥራው ተባለ፤ አንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 22 ላይ ታገኙታላችሁ። ተገድዶ የገደለ ሰው እንኳ የሚያለቅስበት፣ ንስሐ የሚገባበት ነገር አለው ማለት ነው። እንግዲህ በሠርግ ላይ ስሙ እየተጠራ የሚፎከርለት፣ የገደለው ቁጥር በልጆች ፊት የሚዘረዘርለት ሰው ይህን የሚያለቅስበትን ቦታ ቀምተነዋል። አክብረነው ሳይሆን በድለነው ነው።

ጌታም ነገሩን ከሥሩ ነው የያዘው። በወንድም ላይ መቆጣትን ራሱን ከለከለ። ኦሪት ግድያን ከለከለች፤ ወንጌል ወደ ቁጣውና ወደ ስድቡ ወረደ። ሰው ከመገደሉ በፊት በአፍ ይገደላልና። ሰውን በአውሬ፣ በነፍሳት፣ በበሽታ ስም መጥራት በለመድንበት በዚህ ዘመን ይህ ቃል የልጆች ትምህርት ብቻ አይደለም። ጴጥሮስ ወንድሙን እስከ ሰባት ጊዜ ይቅር ይል እንደሆነ ሲጠይቅ ጌታ ሰባቱን በሰባ አበዛው። ላሜሕ ለበቀል ያበዛውን ቁጥር ክርስቶስ ለይቅርታ አበዛው።

በሐብሩ አብዛኛው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። ይህ ትምህርት ለእሱም እንግዳ አይደለም። በቁርኣን ሱረቱል ማኢዳ ላይ የሁለቱ የአዳም ልጆች ታሪክ አለ። ገዳዩ የወንድሙን ሬሳ እንዴት እንደሚቀብር ከቁራ ይማራል፤ ይጸጸታልም። ከዚያው ቀጥሎ ያለ በደል አንዲት ነፍስ ያጠፋ የሰውን ዘር ሁሉ እንዳጠፋ ይቆጠራል ይላል። በአንድ ቅሬ የምንቀባበር ሰዎች በዚህ ነገር የምንለያይበት ምክንያት የለንም።

አባቶቻችንም ከዚህ እምነት የተነሣ ሥርዐት ሠርተው ነበር። በወሎ ሰው ሲገደል ደም የሚያደርቁ አበጋሮች አሉ፤ ሙስሊምም ክርስቲያንም ናቸው፤ የሚከበሩትም በእውነተኛነታቸው ነው። የገዳይ ዘመድ ሽማግሌ ይልካል። የሟች ወገን መጀመሪያ እንቢ ይላል፤ ሽማግሌው ይመላለሳል። በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች ይገናኛሉ፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ይታረዳል፤ ይጸለያል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ ከዚህ በኋላ ደም እንዳይፈላለጉ ይማማላሉ። በዚህ ሥርዐት ውስጥ ትልቁ ነገር ለእኔ ካሣው አይደለም። የገዳዩ ወገን አንገቱን ደፍቶ መምጣቱ ነው። ገድለናል፣ በድለናል ማለቱ ነው። ላሜሕ በቤቱ በፉከራ የተናገረውን፣ እዚህ ሰው በአደባባይ በእፍረት ይናገረዋል።

ሥርዐቱ ድካም አለበት፤ እሱንም እንናገር። የሟች ሚስት ምን ትፈልጊያለሽ ተብላ የምትጠየቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። የተሠራውም ለሚተዋወቁ ቤተሰቦች ነው። ከተራራ ማዶ የተተኮሰ መድፍ ሽማግሌ የሚልክ ዘመድ የለውም። በሌሊት መጥቶ ሰው ወስዶ የገደለ ጭምብል ለባሽም እንዲሁ። ስለዚህ አበጋር ብቻውን የዚህን ዘመን ደም ያደርቃል አልልም፤ በሕግ የሚጠየቅ በሕግ መጠየቅ አለበት። ግን ያችን አንገት መድፋት ከእነሱ መማር እንችላለን። ለዚያ ዐዋጅ አያስፈልግም።

ገድሎ የተመለሰ ልጅ ምን ተስፋ አለው ለምትሉ፣ በየዓመቱ ሰኔ 24 የምናስበውን ሙሴ ጸሊምን አስታውሱ። ኢትዮጵያዊ ነው። ሽፍታ ነበር፤ ነፍስ አጥፍቷል። በግብፅ አስቄጥስ ገዳም ገብቶ በአባቶች እግር ሥር ሲያለቅስ ማንም ጀግና አላለውም፣ ማንም አላባረረውምም። ኃጢአቱን ተናዘዘ፣ ለዓመታት ተጋደለ፣ ቅስና ተቀበለ። በስተርጅና ዘራፊዎች ገዳሙን ሲወሩ መሣሪያ ሳያነሣ ቆየና ከወንድሞቹ ጋር ተገደለ። ይህን ያህል የተለወጠው ኃጢአቱን በስሙ ጠርተው የተቀበሉት አባቶች ስላገኘ ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን ጠመንጃ ይዞ ቆይቶ ወደ ቤቱ የገባ ልጅ ያላችሁ፣ ለጎረቤት አትፎክሩበት፤ ከቤትም አታስወጡት። ሌሊት ተነሥቶ ቢቀመጥ፣ ቢጮህ፣ እህል እንቢ ቢል አትዘኑበት፤ ልቡ ገና አልደነዘዘም ማለት ነው። ቅሬው ሲሰበሰብም የሟቹ ወገን ማን ነው ብላችሁ ሳትጠይቁ ለሞተው ሁሉ አልቅሱ። ልጁንም ይዛችሁ ወደ ነፍስ አባታችሁ ሂዱ፤ ቀኖናውን ይቀበል፣ እናንተም አብራችሁት ጹሙ።